ያልተበላው የድንበር ስብሰባ ምሳ

የበደለኝ ሰው አቶ ታደለ ይባላል። የበደለኝም የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ በሁለተኛው ጥር፣ መቱ ላይ፣ የሁለት አገር መኮንኖች ለምሳ በተቀመጡበት ቀን ነው። የአባቱን ስም የማልጽፈው ለእሱ ብዬ ሳይሆን ልጆቹ ምንም ስላላደረጉኝ ነው። መቱ ያለ ሰው ማንን እንደምል ያውቃል።

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ “እትዬ ጽጌ፣ ያሳለፍሽውን ጻፊው፤ ደግ ደጉን” አሉኝ። ደግ ደጉ ብዙ ነው፤ እሱንም እጽፋለሁ። ደጉን ብቻ ብጽፍ ግን የሚጠቀመው ታደለ ነው።

ሥራዬ መስተንግዶ ነበር። ክልሎች ከተዋቀሩ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መቱ በነበረው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ በአስተናጋጅነት ተቀጠርኩ፤ በኋላ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆንኩ። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ያን ጊዜ ከጎረቤት አገር ጋር የጋራ የድንበር ጸጥታ ኮሚቴ ነበረን። ከብት ዘራፊ ሲሻገር፣ መሣሪያ ሲገባ፣ ሰው ሲታሰር የሁለቱ አገር መኮንኖች ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ አንድ ጊዜ እነሱ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ። ተራው የእኛ ሲሆን ከቆላው ሙቀት ሽሽት ሽቅብ ወጥተው መቱ ያርፋሉ። በቢሮ ኦሮምኛ፣ በወጥ ቤት አማርኛ፣ ከእንግዶቹ ጋር ደግሞ በአስተርጓሚ አረብኛ እየተነገረ ቀኑ ይመሻል። እነሱ የሚነጋገሩት ስለ ካርታና ስለ ጠመንጃ ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ሆዳቸው ነው። ይህን ስል የሚስቁ አሉ። ይሳቁ።

ሰላም ለማስከበር ውጭ የሚሄዱ ልጆቻችንን የሚያሠለጥኑ የሩቅ አገር መኮንኖችም አንዳንዴ እኛ ዘንድ ያድሩ ነበር። አንዱ ረጅም ነጭ ሻለቃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ በማያባራው የኢሉባቦር ዝናብ በቁምጣ ወደ ጎሬ መንገድ ይሮጣል። አንዲት ቅጠል ሻጭ አንድ ቀን በር ላይ አስቆመችኝና፣ “አዴ ጽጌ፣ ይሄን ሰውዬ ማነው የሚያሳድደው?” አለችኝ።

“ማንም” አልኳት።

“ታዲያ ንገሪው፤ ይረፍ እንጂ።”

ለሻለቃው ነገርኩት። በአስተርጓሚ ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋን ባየ ቁጥር ቆሞ ሰላም ይላት ነበር። እነዚያ ቀኖች ደጎች ነበሩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሸምሱ ናቸው። ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መጥተው መቱ ውስጥ ምግብ ቤት የከፈቱ ሰው ነበሩ። የድንበር ስብሰባ ሲኖር ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ምግብ በኮንትራት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። እንግዳ ሲመጣ አለቃው የቱ እንደሆነ አይጠይቁም። “ሾፌሮቹና አጃቢዎቹ የት አሉ?” ነው የሚሉት። እነሱ ሳይበሉ ለማንም ሳህን አያወጡም።

“አለቃውማ ቢርበውም ወሬ ይዟል” ይሉኝ ነበር፤ “ደጅ የቆመው ነው ጠመንጃውን የያዘው።”

በመጀመሪያው ስብሰባ እውነታቸውን አየሁት። የኛና የእነሱ አጃቢዎች መኪና ጥላ ሥር ለማቆም ተጣሉ። አንዱ የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻው አወረደ። መኮንኖቹ ከውስጥ አልሰሙም። ጋሼ ሸምሱ ትልቅ ትሪ ተሸክመው ወጡና በሁለቱ ወገን መካከል መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማንንም አላዩም፤ መብላት ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና፣ “እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይኼን ብቻዬን ልጨርሰው?” አሉ። መጀመሪያ የእነሱ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ የእኛ። የጀመሩትን ጠብ ትተው ትሪውን ከበቡት።

የእንግዳ ማረፊያው ግቢ ተዳፋት ነው። ሁለት ወጥ ቤት ነበረው። ከላይ ያለው የእኔ ነው፤ ክርስቲያን ያረደው ሥጋ እዚያ ይሠራል። ከታች ያለው የጋሼ ሸምሱ ነው፤ ሙስሊም ያረደው እዚያ ይሠራል። ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ትሪው ሁሉ ለየብቻ ነው። የላይኛው ዕቃ እጀታው በቀይ ክር ይጠመጠማል፤ የታችኛው በአረንጓዴ። አንድ ጊዜ አንዲት ሠራተኛዬ ተሳስታ የእኛን ጭልፋ ወደ ታች አወረደችው። ጋሼ ሸምሱ አልተቆጡም። ጭልፋውን አጥበው መለሱላትና ገበያ ወርደው አዲስ ገዙ። እንግዳ ፊትም “የኛ”፣ “የናንተ” ሲባል መስማት አይወዱም። “የላይኛው”፣ “የታችኛው” እንድንል አስለመዱን።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ግን የመሐሉ ጠረጴዛ ነበር። እሱ ላይ ሥጋ አይወጣም። ከባሮ የመጣ ዓሣ፣ ምስር፣ ድንች፣ ዳቦ፣ የያዮ ማር ይደረደርበታል፤ ማንም፣ ምንም ሃይማኖት ቢኖረው፣ የሚበላው ነገር። የሁለቱ ወገን መሪዎች መጀመሪያ እዚያ ቆመው ከአንድ ሳህን ይቀምሳሉ። ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱ ወደ ሥጋው የሚሄደው። ሥጋው ሲቀርብም ጋሼ ሸምሱ ከታች ከመጣው፣ እኔ ከላይ ከመጣው የመጀመሪያውን ጉርሻ በእንግዶቹ ፊት ቆመን እንበላለን።

“ከሳህኑ ይልቅ የሚያዩት የኛን አፍ ነው” ይሉኝ ነበር ጋሼ ሸምሱ። “ጦር ሜዳ የኖረ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ሲበላ ካላየ ልቡ አያርፍም። አታፍሪ፣ በደንብ አኝኪ።”

እንዲህ እየሠራን ብዙ ስብሰባ አለፈ። አንዳንዱ ሳይስማማ ይበተን ነበር፤ በምግብ ምክንያት የተበተነ ግን አልነበረም።

ከዚያ ታደለ አለቃችን ሆኖ መጣ። ክፉ ሰው ይመስል ነበር ብል ውሸት ነው። ተማሪ ቤት በደንብ የገፋ፣ ሲናገር የሚያምርበት፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው ነበር። መቱ ላይ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው እንዴት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ጥር ስብሰባው ተራው የእኛ ነበር። ከሚፈረሙት ጉዳዮች አንዱ የአንድ ሰው መፈታት ነው። ጉተማ ይባላል፤ የቡሬ ሰው፣ የአይሱዙ ሾፌር። በክረምት ጨው ጭኖ ሲሄድ መንገድ ስቶ ድንበር ተሻገረ፤ ለሽፍቶች ስንቅ ታቀብላለህ ብለው አሰሩት። ሚስቱ ጫልቱ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ትሸጥ ነበር። ስብሰባው ሲቀርብ ሻይዋን ዘግታ መቱ መጣችና የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ተቀመጠች። ጥበቃው ሊያባርራት ሲል አስገባኋት።

“ቁጭ ብዬ ከማስብ ሥራ ስጪኝ” አለችኝ።

ሽንኩርት ሰጠኋት። እየላጠች፣ “ዛሬ ያስነባኝ እሱ አይደለም፣ ሽንኩርቱ ነው” ትል ነበር። የሥራ ጓዶቼ ወደዷት።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ታደለ ወጥ ቤት መጣ። እኔና ጋሼ ሸምሱ ሁለቱን ሰንጋዎች እያየን ነበር።

“ሁለት ለምንድነው?” አለ።

“አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች” አልኩት።

“እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት አረብኛ ነው፤ ሁሉም ሙስሊም ናቸው። አንድ በሬ ይበቃል፤ ሸምሱ ይረድ።”

“ሁሉም እንኳ አይደሉም። ቢሆኑም የእኛዎቹ አይበሉማ፣ አቶ ታደለ። ኮሎኔሉ አሉ፣ የሚሊሻ አዛዦቹ አሉ፣ የአገር ሽማግሌዎቹ አሉ።”

“ይበላሉ። እኔ እነግራቸዋለሁ። የውጭ አሠልጣኞቹ ቁጭ ብለው እያዩ ሁለት ቦታ ተከፍለን ልንበላ ነው? አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ምግብ። ትብብር ማለት ይኼ ነው።”

ጋሼ ሸምሱ ቀስ ብለው፣ “ጌታዬ፣ ይኼ በትእዛዝ የሚበላ ነገር አይደለም” አሉ።

“እርስዎን አልጠየቅሁም” አላቸው።

“እሺ፣ የመሐሉን ጠረጴዛ ይተዉልን” አልኩት። “ምስሩም ዓሣውም ይኑር፤ ቢያንስ አብረው የሚቀምሱት…”

“ለኮሎኔል ምስር?” ብሎ ሳቀ። “ጽጌ፣ አንቺ የእድር ድንኳን መስሎሻል።”

የላይኛውን ወጥ ቤት አዘጋው። ሁለተኛው ሰንጋ ወደ መጣበት ተመለሰ። ዳቦና ሰላጣ ብቻ ከሥጋው ጋር እንዲቀርብ አዘዘ።

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጾም አይደለም፤ ነነዌም ገና ነው። ጠዋት እንግዶችና ባለቤቶች አንድ ላይ እንቁላል በልተው ወደ ስብሰባ ገቡ። የእንግዶቹ መሪ ዱላ የሚይዙ አዛውንት ኮሎኔል ናቸው፤ ከዚህ በፊትም መጥተው ያውቃሉ፤ እኔን “ማማ” ነው የሚሉኝ። ሲያልፉ ፊታቸው ብሩህ ነበር። የስብሰባው ጸሐፊ ለሻይ ሲወጣ፣ የጉተማን ጉዳይ ተነጋግረው እንደጨረሱና ከምሳ በኋላ እንደሚፈረም ነገረኝ። ለጫልቱ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ምሳ ቀረበ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አንድ የኛ፣ አንድ የእነሱ እየተደረጉ ተቀመጡ። ጋሼ ሸምሱ ቆመው ቀመሱ። እኔ የምቀምሰው አልነበረኝም፤ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። እንግዶቹ መብላት ጀመሩ። የእኛዎቹ ዳቦ ቆረሱ። ሰላጣ አነሡ። አንዱ የሚሊሻ አዛዥ ሥጋውን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋው። የእኛ ወገን መሪ የነበሩት ኮሎኔል ውሃ ደጋግመው ጠጡ። ታደለ በዓይኑ ያዛቸዋል፤ እነሱ ሳህናቸውን ያያሉ። እሱ ራሱ አንድ ቁራጭ ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው። ይህን እኔ አይቻለሁ።

አዛውንቱ ኮሎኔል ማኘካቸውን አቆሙ። ከዳር እስከ ዳር አዩ። ለአስተርጓሚያቸው አንድ ነገር አሉት። አስተርጓሚው ልጅነቱን እኛ አገር በስደት ያሳለፈ ሃምሳ አለቃ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም።

“ኮሎኔሉ፣ ባለቤቶቹ ያረዱትን ለምን አይበሉም ይላሉ” አለ።

ታደለ እውነቱን ቢናገር ኖሮ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር። አዛውንቱ ስንት ሃይማኖት ባለበት አገር ያደጉ ናቸው፤ ይገባቸው ነበር። ታደለ ግን በአሠልጣኞቹ ፊት አፈረ።

“ጾም ላይ ናቸው” አለ።

ሃምሳ አለቃው ወዲያው አልተረጎመም። “ጌታዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት እንቁላል አብረን በልተናል” አለው።

“የግል ጾም ነው።”

“ሁሉም?”

ሃምሳ አለቃው ተረጎመ። አዛውንቱ ኮሎኔል እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። የእሳቸው ሰዎች ሁሉ አብረው ተነሡ። አንዱ ወጣት መኮንን የጎረሰውን በመሐረብ ተፋው። በእኔ በኩል ሲያልፉ ኮሎኔሉ አዩኝ፤ “ማማ” አላሉኝም።

ትሪዎቹ እንደ ሞሉ ወደ ታች ተመለሱ። ጫልቱ ብድግ አለች።

“ለምን ሳይበላ መጣ?” አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ አጀንዳውን አንብበው ብቻ ተነሡ። ምንም አልተፈረመም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። ጫልቱ በሩ ላይ ታደለን ይዛ ስትጠይቀው፣ “ምግቡን ያበላሸችብን ጽጌ ናት፤ ተቀይመው ሄዱ” አላት። የሰማው ጥበቃው ነው፤ የነገረኝም እሱ ነው። እሷ ለእኔ ምንም ሳትለኝ ወደ ቡሬ ተሳፈረች።

ከዚያ ግምገማ ተጠራ። ታደለ ቆሞ፣ ወይዘሮ ጽጌ የተሰጣትን መመሪያ ሳታከብር የባለቤቶቹን ምግብ ሳታዘጋጅ ቀረች፣ የሁለት አገር ግንኙነትም ተጎዳ ብሎ ተናገረ። እኔ የሆነውን ተናገርኩ። ምስክር አምጪ ተባልኩ። ጋሼ ሸምሱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ኮንትራት ሠራተኛ ግምገማ አይገባም ብለው መለሷቸው። የኛ ኮሎኔል ወረቀታቸውን ያገላብጡ ነበር። ሲወጡ ኮሪደር ላይ፣ “አይዞሽ፣ ያልፋል” አሉኝ። እዚያ ውስጥ ሳሉ አንድ ቃል ቢሉ ኖሮ አይዞሽ ባላስፈለገ ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ጋሼ ሸምሱ ከዚያ ቀን ወዲያ ለእንግዳ ማረፊያው አላረዱም። ሲጠሯቸው፣ “ቢላዋዬ ደንዟል” ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ መቱ በመጣሁ ቁጥር ምግብ ቤታቸው ዳር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ዓሣና ምስር አቅርበውልኝ አብረን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም።

እኔን ኖፓ፣ ንብረት ክፍል መደቡኝ። አካፋና ቆርቆሮ እቆጥር ነበር። ኖፓን አልወቅስም፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ እሑድ እሑድ ማር ይልኩልኝ ነበር። ቀጥሎ ያዮ ሄድኩ። ያዮ ቡና ሲለቀም ጫካው ውስጥ የሰው ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል፤ ሰውየው አይታይም። እዚያ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ ከወጥ ቤት በቀር የምወደው ሥራ ባይኖርም እዚያ ደህና ነበርኩ። ጉተማ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ተፈትቶ መጣ ሲሉ ሰማሁ። ከስቶ፣ ሳል ይዞት፣ ግን በእግሩ። ሄጄ እንኳን ደስ ያላችሁ አላልኩም። ለሥራ ቡሬ ስላክም በመናኸሪያው በኩል አላልፍም ነበር፤ ከላይ በገበያው ዞሬ እሄዳለሁ። ጫልቱ ስታየኝ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ታደለ ከፍ አለ፣ ከዚያም ከፍ አለ፣ ከዚያ መንግሥት ሲለወጥ እሱም ጡረታ ወጥቶ መቱ ገባ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ይቀመጣል። እኔ ጡረታ በወጣሁ ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ ሁለት ሽማግሌ ላከብኝ። አንደኛው የቀድሞ መምህር፣ ሁለተኛው ጎረቤቴ።

“ታደለ ቅያሜ ይዘሽ በዓል እንዳትውዪ ብሎ ነው” አሉኝ መምህሩ።

“ምን አድርጎኝ እንደሆነ ነገራችሁ?”

“የሥራ አለመግባባት ነው አለ።”

“ቡሬ ይሂድ። ለጫልቱ፣ ‘ምግቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ’ ይበላት። ያን ቀን እታረቃለሁ።”

ሄደው ተመለሱ። “ጫልቱ ረስታዋለች፣ የሞተ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል ይላል” አሉኝ።

“አስቤ መልስ እሰጣለሁ” ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ። መናኸሪያው ላይ ወረድኩ። የጫልቱ ሻይ ቤት ሰፍቷል፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ሆኗል። እሷ ጠጉሯ ሸብቷል። አየችኝና ወንበር ጎትታ፣ “ኖር፣ አዴ ጽጌ” አለች። ጉተማ ሥራ አቁሟል፤ ከጓሮ ሳሉ ይሰማ ነበር።

ተቀምጬ ከሁለቱ ሰንጋዎች ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች።

“ጉተማ ከተመለሰ ጀምሮ ይነግረኛል” አለችኝ።

“ምን ብሎ?”

“እስር ቤት ጠባቂዎቹ ይስቁበት ነበር። ‘የእናንተ ሰዎች ያረዱትን አይበሉም፤ መርዘውት ነው’ ይሉት ነበር። እሱ ወዲያው ገባው። አንድ በሬ ነው ያረዱት አለ። ‘መቱ ያለችውን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ጭኜላት ሄጄ አውቃለሁ፣ ሁለት ወጥ ቤት ነው ያላት፤ ይኼ የእሷ ሥራ አይደለም’ አለኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንቺ መቼ መጣሽ?” አለችኝ። “እኔማ ጉተማ እንዳለኝ አምኜ ነበር። ግን በገበያው ዞረሽ ስትሄጂ አያለሁ። አንድ ጊዜ አየሁ፣ ሁለቴ አየሁ። ያላጠፋች ሴት ለምን ትሸሸኛለች አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሱ ‘አይደለችም’ ሲል፣ እኔ ‘እንጃ’ እላለሁ።”

ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ጉተማ ከጓሮ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ አንዱን ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ። እስኪመሽ ስለ ልጆቻቸው አወራን። እነሱ ቤት አደርኩ።

በማግስቱ ወደ መቱ ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹን አስጠርቼ ከታደለ ጋር እንደማልታረቅ ነገርኳቸው። ፋሲካን ቡሬ ዋልኩ።